ከሾፌሩ እግር ሥር ያሉ ቃላት

ቁመቱ ዘለግ ያለ ሰው የድሮ ቮልስዋገን ወይም ፊያት 600 ሲነዳ ከሁሉ በፊት የሚቸገረው ጉልበቱ ነው። ፍሪሲዮን ለመርገጥ እግሩን ባነሣ ቁጥር ጭኑ ከመሪው ጋር ይላተማል፤ ግራ እግሩን ላሳርፈው ሲል ደግሞ ቦታ ያጣል። እንዲህ ያለው ሰው ጋራዥ ሄዶ «እግሬን የምዘረጋበት ቦታ ይበጅልኝ» ቢል መካኒኩ የሚነካካቸው ዕቃዎች ብዙ አይደሉም፦ ወንበሩ፣ ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ፣ ፔዳሎቹ፣ መሪው፣ እነዚህን ሁሉ ያሰሩት ብሎንና ዳዶዎች። ዕቃዎቹ ጥቂት ይሁኑ እንጂ ስሞቻቸው ከሩቅ የመጡ ናቸው። አንዱ ከፈረስ ልጓም፣ አንዱ ከዛፍ ሙጫ፣ አንዱ ከመጫወቻ ዳይ፣ አንዱ ከንጉሥ ዙፋን ተነሥቶ ነው ሾፌሩ እግር ሥር የተገናኙት።

ቃላቱን በሥራው ቅደም ተከተል ስንከተላቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። በሣጥን ታሽጎ ከባሕር ማዶ የመጣው ዕቃ ብዙ ጊዜ የመጣበትን ስም ይዞ ቀርቷል። የሰው አካል ከዕቃው ጋር የሚገናኝበት ቦታና በዕቃው የሚሠራው ሥራ ግን ስሙን ያገኘው ከአማርኛና ከግዕዝ ነው። ብረቱ ስሙን ይዞ መጣ፤ እግርና እጅ የሚያደርጉትን ግን ነጂውና መካኒኩ በገዛ ቋንቋቸው ሰየሙት።

ጋቢናና ጎማ

ጥበቱ የሚጀምረው ከጋቢናው ነው። ጋቢና የጣሊያንኛው «ካቢና» ነው፤ ዘሩ ሲቆጠር በኋለኛው ዘመን ላቲን ጎጆ ይባልበት ከነበረው «ካፓና» ይደርሳል። አማርኛ «ካ»ን ወደ «ጋ» አላልቶ ወሰደውና ትርጉሙን አሰፋው። በጭነት መኪና ጋቢና የሾፌሩ ክፍል በሙሉ ነው፤ በሚኒባስ ታክሲ ደግሞ ከሾፌሩ ጎን ያለው መቀመጫ ነው። ረዳቱ «ጋቢና ግቡ» ሲል የትኛውን ቦታ እንደሚያሳይ የማይገባው የከተማ ሰው የለም።

ፊያት 600 እ.ኤ.አ. በ1955 በጄኔቭ ዐውደ ርእይ ላይ ሲቀርብ ዳንቴ ጃኮዛ የተባለው መሐንዲስ አራት ሰው በ3.22 ሜትር ርዝመት ውስጥ ለማስቀመጥ ችሎ ነበር። ሞተሩን ወደ ኋላ ወሰደ፤ በፊትና በኋላ ጎማ ማእከል መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ብቻ ሆነ። «ሴይቼንቶ» የሚለው ስሙም በጣሊያንኛ ስድስት መቶ ማለት ነው፤ ሞተሩ 633 ሲሲ ነበር። ቮልስዋገን ቢትል፣ የእኛው ቮልስ፣ በዚህ በኩል ይሻላል፤ የእሱ የጎማ ርቀት 2.40 ሜትር ነው። በሁለቱም ግን የፊት ጎማው የሚዞረው ከሾፌሩ እግር አጠገብ ነው። ጎማውን ያቀፈው ብረት ወደ ጋቢናው ስለሚገባ ፔዳሎቹ ወደ መካከል ይገፋሉ፤ ሾፌሩም ፊቱን ወደ መንገዱ፣ እግሮቹን ግን በመጠኑ ወደ መካከል አዙሮ ይቀመጣል።

የእግሩን ቦታ የተሻማው ጎማ ራሱ ስሙ ሳይለወጥ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ከጣሊያንኛው በፊት የላቲኑ «ጉሚ»፣ ከላቲኑም በፊት የግሪኩ «ኮሚ» አለ፤ ግሪኮች ደግሞ ቃሉን የወሰዱት ከጥንት ግብፃውያን ነው። ያን ጊዜ ቃሉ የሚጠራው ከግራር ቅርፊት የሚወጣውን ሙጫ ነበር። ግራር በሞላበት አገር የሚኖር ሕዝብ ሙጫውን በራሱ ስም ሲጠራ ኖሮ፣ የዚያው የአባይ ሸለቆ ሙጫ የጥንት ስም አውሮፓን ዞሮ በተሽከርካሪ እግር ወደ እሱ መጣ። ሥርወ ቃል ከሚያሳየን ነገር ሁሉ ይህን የመሰለ ጉዞ እጅግ ያስደስተኛል።

ወንበርና ሐዲድ

ቦታ ለማግኘት የመጀመሪያው ሥራ ከወንበሩ ሥር ነው። በድሮዎቹ ቮልሶች ወንበሩ ግራና ቀኝ በተዘረጉ ሐዲዶች ላይ ይንሸራተታል። መካኒኩ መያዣውን ለቅቆ ወንበሩን ወደ ፊት እየገፋ ያወጣዋል። ከሥሩ የሚያገኘው የደረቀ ግራሶ፣ አሸዋ፣ ዝገት፣ አንዳንዴም የጠፋ ሳንቲም ነው። ይህ ሁሉ በብረት ብሩሽ ተፍቆ ሐዲዱ አዲስ ግራሶ ሲቀባ ወንበሩ ለዓመታት ደርሶበት የማያውቀው የመጨረሻ ጥርስ ላይ ይደርሳል። ባለቤቱ ፋብሪካው ቦታ የነፈገው ይመስለው ነበር፤ የነፈገው ግን የተጋገረ ቆሻሻ ነው። ስለዚህ ማንም ብየዳ ከማሰቡ በፊት ሐዲዱን ያጽዳ።

ወንበር የመንበር ልጅ ነው። በግዕዝ ነበረ ማለት ተቀመጠ ማለት ነው፤ መንበር ደግሞ መቀመጫ። አማርኛ ግሱን ለኀላፊ ጊዜ አድርጎ «ነበረ» ሲል፣ የመቀመጥን ትርጉም ስሙ ውስጥ አስቀረና «መ»ን በ«ወ» ለውጦ ወንበር አለው። መንበረ ታቦት፣ መንበረ መንግሥት፣ ሊቀ መንበር ስንል የምናከብረው ቃልና የቮልሱ መቀመጫ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ከውጭ የመጣ መኪና ውስጥ ተቀምጠን የመቀመጫውን ስም ከማንም አልተበደርንም፤ መቀመጥ የሰው ሥራ ስለሆነ ቃሉ ቀድሞ ከእኛ ጋር ነበር።

ሐዲድ በዐረብኛ ብረት ነው። ዐረቦች የባቡርን መንገድ በሁለት ቃል የብረት መንገድ ይሉታል፤ አማርኛ መንገዱን ትቶ ብረቱን ወሰደ። ቃሉ በሕዝቡ አፍ የተለመደው ከባቡር ጋር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የፈረንሳዮች የባቡር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ባቡር የሚለውም ስም የጣሊያንኛው «ቫፖሬ» ዘመድ ነው፤ ሥሩ በላቲን እንፋሎት ማለት ነው። ግራሶም ጣሊያንኛ ነው፤ በአገሩ ስብ ማለት ነው። እንግዲህ ወንበሩ ግዕዝ፣ የተቀመጠበት ሐዲድ ዐረብኛ፣ ሐዲዱን ያለሰለሰው ቅባት ጣሊያንኛ ሆነው ሦስቱ አብረው ይንሸራተታሉ።

ጽዳቱ ካልበቃ ሁለተኛው መንገድ የወንበሩ ስፖንጅ ነው። አሮጌ ወንበር በየጊዜው ስፖንጅ ሲጨመርበት ከፍ ይላል፣ የጀርባ መደገፊያውም ይወፍራል። መደገፊያው ላይ ሁለት ጣት ያህል ሲቀነስ ሾፌሩ ያን ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መቀመጫው ሲቀነስ ደግሞ ጭኑ ከመሪው ይርቃል። ሦስተኛው መንገድ ሐዲዱን ማስረዘም ወይም ማሰሪያውን ወደ ኋላ መውሰድ ነው። ይህ የሚሠራው ወለሉ ጤነኛ ሲሆን ብቻ ነው። በዛገ ወለል ላይ የተበየደ ነገር ሁሉ ግጭት ሲመጣ ከዝገቱ ጋር ተነቅሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወፈር ያለ ላሜራ ከሥር ይደረጋል። ላሜራ የጣሊያንኛው «ላሚዬራ» ነው፤ ሥሩ የላቲኑ «ላሚና»፣ ስስ ገበታ። በሐዲዱ ጫፍ ያለችው ማቆሚያም በምንም ምክንያት መነሣት የለባትም። ማቆሚያ የሌለው ወንበር ዳገት ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የሾፌሩን እግር ከፍሬኑ ያርቀዋል፤ ለእግር ቦታ ተብሎ የተሠራው ሥራ ነፍስ ያጠፋል።

ብሎንና ዳዶ

ወንበሩን ማሰር ብሎንና ዳዶ ይፈልጋል። የአማርኛን የጋራዥ ቃላት ታሪክ አጭር አድርጎ የሚናገር ዕቃ ካለ ይህ ጥንድ ነው።

ከጣሊያንኛ በአፍ የገቡት ቃላት አብዛኞቹ የመጨረሻ አናባቢያቸውን አልጣሉም፦ ጎማ፣ ታርጋ፣ ቦሎ፣ ፍሬቻ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ሮንዴላ። ከፈረንሳይኛ የመጡት ግን በተነባቢ ይዘጋሉ፦ ሾፌር፣ ጋራዥ። ይህን መመዘኛ ብሎን ላይ ብናደርገው ከጣሊያንኛው «ቡሎኔ» ይልቅ ወደ ፈረንሳይኛው «ቡሎን» ይቀርባል። ጣሊያኖችም ራሳቸው ቃሉን የወሰዱት ከፈረንሳዮች ነው፤ ሥሩ ድቡልቡል ነገር የሚባልበት «ቡል» ነው፤ የብሎን ራስ ድቡልቡል ነበርና። ዳዶ ደግሞ ያለ ክርክር ጣሊያንኛ ነው። ፈረንሳዮች ለዚህ ዕቃ ያላቸው ስም ምንም አይመስለውም። በጣሊያንኛ ዳዶ የመጫወቻ ዳይ ነው፤ የጥንቱ ዳዶ አራት ማእዘን ስለነበር በዳይ ተሰየመ። ስለዚህ መካኒኩ ብሎኑን ከላይ አስገብቶ ዳዶውን ከሥር ሲያጠብቅ ሁለት የታሪክ ዘመን ያጋጥማል፦ በባቡሩና በፈረንሳይኛ ትምህርት ቤቶች በኩል የመጣውን ዘመን፣ እንዲሁም ከአሥመራ ጋራዦችና ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጣሊያን ወረራ ጋር የመጣውን ዘመን። ፒያሳና መርካቶ በከተማው ካርታ ላይ የሚነግሩንን ታሪክ ዳዶና ሮንዴላ ከወንበሩ ሥር ይነግሩናል።

የመካኒኩ መሣሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። ካቻቢቴ በጣሊያንኛ ከሁለት ቃል የተሠራ ነው፤ «ካቻ» መንዳትንና መግፋትን፣ «ቪቴ» ጥምዝ ብሎንን ይናገራል። «ቪቴ» የወይን ሐረግም ስም ነው፤ ሐረጉ ጫፉን ጠምዝዞ እንጨት ላይ እንደሚወጣ አይተው ጥምዙን ብረት በዚያው ጠሩት። ብሎን የሚፈታበትን ብረት ግን እኛ መፍቻ ነው የምንለው፤ ከፈታ የወጣ፣ ሌላ ማስረጃ የማይሻ የአማርኛ ቃል። እዚህም እጅ የሚሠራው ሥራ ጎልቶ ሲታይ አማርኛ ከራሱ ጎተራ አውጥቶ ሰይሟል።

ሦስቱ ፔዳሎች

ፔዳል ሥሩ በላቲን እግር ማለት ነው። በአማርኛ መርገጫ ስንለውም ከእግር አልራቅንም፤ ረገጠ በግዕዝ ረገጸ ነው፣ እህል ሲወቃ፣ ጭቃ ሲቦካ የኖረ ግስ። ሦስቱን ፔዳሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

ፍሬን ድምፁ የፈረንሳይኛ ነው፤ ከጣሊያንኛ ቢመጣ ፍሬኖ በሆነ ነበር። ሁለቱም የተነሡት ከላቲኑ «ፍሬኑም» ነው፤ ትርጉሙ የፈረስ ልጓም። ሞተር ሳይፈጠር ፈረሱን የሚያቆመው ልጓም ነበር፤ ፈረሱ በሞተር ሲተካ የልጓሙ ስም ከእጅ ወደ እግር ወረደ። በአፋችንም «ምላሱን ይግታ» ለማለት ልጓምን ስንጠራ፣ በዘመኑ ደግሞ «ፍሬን የለውም» እንላለን። ሁለቱ አነጋገሮች ሳይተዋወቁ አንድ ሥር ላይ ተገናኝተዋል።

ፍሪሲዮን ከብሎን ያገኘነውን መመዘኛ ይፈትነዋል። መጨረሻው ፈረንሳይኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ፈረንሳዮች ይህን ፔዳል «አምብሬያዥ» ነው የሚሉት። «ፍሪጺዮኔ» ብሎ ለመኪና የሰጠው ጣሊያንኛ ነው፤ ሥሩም በላቲን መፋተግ ማለት ነው። እውነትም የፍሪሲዮን ሸራ ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ብረት ተጣብቆ ኃይል የሚያስተላልፈው በመፋተግ ነው። እዚህ ድምፁ ሳይሆን ትርጉሙ ይፈርዳል፦ ቃሉ ጣሊያንኛ ሆኖ ጫፉ አማርኛ አፍ ውስጥ ተቆርጧል። ማርሽም ከዚህ ጋር ይዛመዳል። «ማርሽ» የሚለው ድምፅ የፈረንሳይኛ ነው፤ የጣሊያንኛው «ማርቻ» ነው። ይሁንና ፈረንሳዮች ማርሽ የሚሉት ጉዞን ነው፤ ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ማርሽ ፍጥነት የሚል ሌላ ቃል አላቸው። የጣሊያንኛው ትርጉም የፈረንሳይኛውን ድምፅ ለብሶ ገባ ማለት ነው። ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ጌቶች ዘንድ ሙያ የተማረ መካኒክ ከሁለቱ የተቀላቀለ ቃል ቢያወጣ ተፈጥሯዊ ነው።

ሦስተኛው ፔዳል በስሙ የእኛ ነው፦ ነዳጅ መስጫ። ነዳጅ ከነደደ የወጣ ነው፤ ነጂ ግን ከነዳ። ሁለቱ ቃላት በአንድ መኪና ውስጥ ስለሚኖሩና በሁለቱም «ደ» ወደ «ጀ» ስለተለወጠ አንድ ሥር ያላቸው ይመስላሉ፤ አንዱ ግን ከእሳት፣ ሌላው ከከብት እረኝነት ነው የመጣው። በሬና በግ ይነዳ የነበረው ሰው መኪና ሲያገኝ ያንኑ ግስ ይዞ ቀጠለ። ሾፌር የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ደግሞ በአገሩ የሚያሞቅ፣ እሳት የሚያነድ ማለት ነው፤ የእንፋሎት ሞተር እሳት ጠባቂ ስም ነበር። ስለዚህ በሥርወ ቃል ወገን ከሄድን የሾፌር እውነተኛ ዘመድ ነጂ ሳይሆን ነዳጅ ነው።

ወደ ሥራው ስንመለስ፣ ቮልስ ላይ ፔዳሎቹ ከወለሉ የተነሡ ናቸው፤ ከሥራቸው ያለችው ትንሽ ማቆሚያ ብረት ብሎኗ ሲላላ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትሄዳለች። ረጅም ሾፌር ፔዳሉ ትንሽ ወደ ፊት እንዲርቅለት ሊፈልግ ይችላል። መካኒኩ ግን ሁለት ልኮችን ማክበር አለበት። የፍሬን ፔዳሉ ዘንግ ከፍሬን ዘይት ፓምፑ ፒስተን ጋር ሲያርፍ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑረው፤ ይህ ክፍተት ከጠፋ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው መመለስ አቅቶት ፍሬኑ እየነዱ ሳለ ይይዛል። የፍሪሲዮን ፔዳሉም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነጻ ጉዞ ይኑረው፤ አለዚያ ሸራው ዘወትር እየተንሸራተተ ያልቃል። ከፔዳል የሚገኘው ቦታ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው፤ ዋናውን ቦታ ከወንበሩ መፈለግ ይሻላል።

መሪና ጉልበት

ጭንን የሚነካው መሪው ነው። የቮልሱ መሪ ዙሪያው ሰፊ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ስፋቱ ለጌጥ አልተደረገም፤ አጋዥ የሌለውን መሪ ቆሞ ለማዞር ክንድ የሚያገኘው ኃይል ከዚያ ስፋት ነው። አነስ ያለ መሪ ቢደረግ ጉልበት ነጻ ይወጣል፣ ክንድ ግን ይከብደዋል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ መቀነስ ነው።

መሪ በግዕዝ መርሐ ከሚለው ግስ ነው። መርሐ ግብርም፣ መርሕም፣ የመሬት ምሪትም ከዚሁ ሥር ናቸው። ጣሊያንኛውም ፈረንሳይኛውም ለዚህ ዕቃ የሚሰጡት ስም «የሚበር» የሚል ትርጉም አለው፤ አማርኛ ያን አልፈለገም። እጅ የሚጨብጠውንና አቅጣጫ የሚሰጠውን ነገር መንገድ ከሚያሳይ ሰው ጋር በአንድ ስም ጠራው። በእኔ እምነት ይህ በመኪና ውስጥ ካሉት የአማርኛ ስሞች ሁሉ የበሰለው ነው።

ጉልበት ደግሞ በአማርኛ የእግር መታጠፊያም ነው፣ ኃይልም ነው። የሞተር ኃይል ለመለካት ስም ሲያስፈልግ የፈረስ ጉልበት አልን። የ1200ው ቮልስ ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ግዕዝ ለመታጠፊያው ብርክ የሚል ሌላ ቃል ነበረው፤ ተንበረከከ ስንልና «ብርክ ያዘው» ስንል ዛሬም አብሮን አለ። አማርኛ ተናጋሪ ጉልበቱ ሲጨናነቅ ኃይሉም እንደሚቀንስ ቃሉ ራሱ ይነግረዋል፤ ታጥፎ የኖረ ጉልበት ፍሬን አጥብቆ አይረግጥም። ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጦ ጉልበቱ በጥቂቱ ታጠፍ ብሎ ከቀረ ቦታው ተገኝቷል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ወደ ኋላ መሄድ እግርን ከሥራው ያርቃል።

ቃላቱ የት ይደርሳሉ?

የቮልስዋገን ቢትል ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ሲዘጋ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ዛሬም ይሄዳል። ነገር ግን የመኪናው ዓለም እየተለወጠ ነው። አውቶማቲኩ ፍሪሲዮንን አስወጣ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡ የቤት መኪኖች ኤሌክትሪክ እንዲሆኑ ስለተወሰነ ካንዴላም ማርሽም የሌለው መኪና እየበዛ ነው። በእነዚህ መኪኖች ነዳጅ መስጫ የሚነድ ነገር አይሰጥም። ወጣቱ መካኒክ ፍሪሲዮንን ክላች ማለት ጀምሯል፤ ዕቃው የሚመጣበት ሣጥን ሲለወጥ ስሙም ይለወጣል፤ ጥንትም የሆነው ይኸው ነው።

የሚያሳስበኝ ቃላቱ መለወጣቸው ሳይሆን ሳይጻፉ ማለፋቸው ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደስታ ተክለ ወልድ የግዕዝንና የአማርኛን ሥር ለመጻፍ ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። የጋራዡ አማርኛ ግን እንዲህ ያለ ባለሙያ ገና ይፈልጋል። በመርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጡት፣ በቮልስና በፊያት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት አንጋፋ መካኒኮች የእያንዳንዱን ሮንዴላ ስም በአፋቸው ይዘውታል። የቋንቋ ተማሪዎቻችን ደብተርና መቅረጫ ይዘው እነሱ ዘንድ ይሂዱ፤ ቃሉን ከነድምፁ፣ ከነዕቃው፣ ዕቃው ከሚሠራው ሥራ ጋር ይመዝግቡት። ወንበሩ ወጥቶ ሐዲዱ ሲታይ፣ ዳዶው ሲፈታ፣ ፔዳሉ ሲለካ አጠገብ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው፣ ከየትኛውም ቤተ መጻሕፍት የማያገኘውን መዝገብ በአንድ ቀን ይሞላል።